የእማዬ ማድ ቤት በ20,000 ብር፦ ከደሴ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ

የእማዬ ማድ ቤት መደርደሪያ ጊዜው አልፎበታል። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 58 ሳንቲም ተኩል ነው። በብሎኬት እግር ላይ ያረፈ የኮንክሪት ሶሌታ ሲሆን ላዩ ቀይ ሊሾ ነው። ይሄን ቀይ ሊሾ የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። በሰም ሲወለወል ፊት ያሳያል። አሁን ግን ሲንኩ ዙሪያ ተበልቶ አሸዋው ወጥቷል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው በርበሬና ኢርድ በምንም አይለቅም፣ ጠርዙም እዚህም እዚያም ተሸርፏል።

ከጀርባው ያለው ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው። ጭቃው ላይ ኖራ፣ ኖራው ላይ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ዘይት ቀለም። ከምጣዱ ጀርባ በጥፍር ብትነካው ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል።

ያለን ብር 20,000 ነው። ጊዜው ደግሞ ረመዳን እስኪገባ ድረስ። ረመዳን ከገባ በኋላ ማድ ቤቱን መዝጋት አይታሰብም። ሾርባው አለ፣ ሳምቡሳው አለ፣ እንግዳው አለ።

አማራጭ ሳይመክረኝ የቀረ ሰው የለም። አብዛኛው ግራናይት ይላል። ግራናይት ጥሩ ነው፣ ክርክር የለኝም። ሁለት ሳንቲም ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የኛ መደርደሪያ 1.4 ካሬ ገደማ ስለሆነ ወደ 76 ኪሎ መሆኑ ነው። ያን ክብደት ሶሌታው ይችለዋል፣ የማይችለው ኪሴ ነው። የጦሳን ተራራ ሙሉውን ብትቆፍረው ጥቁር ድንጋይ እንጂ ግራናይት አታገኝም። ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ማስቆረጡና ጠርዝ ማሳመሩ ሲጨመርበት ከበጀታችን ከግማሽ በላይ ይበላል። ግድግዳው ሳይነካ ማለት ነው።

ችፑድ በፎርማይካ የሚሉም አሉ። ለቁም ሳጥን እሺ። ሲንክ አጠገብ ግን ውሃ አንዴ ጠርዙን ካገኘው ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። እብነ በረድ የሚመስለውን ተለጣፊ ፕላስቲክም ጎረቤት ቤት አይቼዋለሁ። ከምድጃው ጀርባ ያለው በሙቀት ተኮማትሯል፣ ከሥሩ እንፋሎት ገብቶ ሻግቷል። ለተከራይ ሊሆን ይችላል። ለራስ ቤት አይሆንም።

ሰኞ

ዛሬ ምንም አልሠራሁም፣ ሳንኳኳ ነው የዋልኩት። በመዶሻ እጀታ መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በየመዳፉ ልክ እያንኳኳሁ ማዳመጥ። ጠንካራ ቦታ ላይ ድምፁ ደረቅ ያለ "ጠቅ" ነው። ሊሾው ከሶሌታው የለቀቀበት ቦታ ላይ ግን ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ለቆ የተገኘው ሲንኩ ዙሪያና በስተግራ ጥግ ያለው ብቻ ነው። እነዚህን በኖራ ጠመኔ ከበብኳቸው።

ከዚያ ባትሪ ይዤ ከሥር ገባሁ። ከላይ ያለው ስንጥቅ እስከ ታች ከወረደ፣ ፌሮው ዝጎ ኮንክሪቱን እየገፋ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ማፍረስ ይመጣል። አልሐምዱሊላህ፣ ከታች ንጹሕ ነው። ስንጥቁ የሊሾው እንጂ የሶሌታው አይደለም።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ "አንተ ልጅ፣ ልታፈርሰው ነው እንዴ?" አለችኝ። አላፈርስም። ሶሌታው ደህና እስከሆነ ድረስ ማፍረስ ማለት ብር ማፍረስ ነው። የለቀቀውን ሊሾ አንስቼ፣ ደፍኜ፣ ላዩን አለብሰዋለሁ።

የሚለብሰው ደግሞ የወለል ሴራሚክ ነው፣ 60 በ60 ፖርስሊን። ሴራሚክ መደርደሪያ ላይ ሲባል ሰው ፊቱን የሚያጨማድደው በመገጣጠሚያው ምክንያት ነው። ትንንሽ ሴራሚክ ከደረደርክ መስመሩ ብዙ ነው፣ መስመሩ ሁሉ የሊጥና የድልህ መደበቂያ ይሆናል። 60 በ60 ከሆነ ግን አንዱ ሴራሚክ ከግድግዳ እስከ ጠርዝ ብቻውን ይደርሳል። 2 ሜትር ከ40ን አራት ሴራሚክ ይሸፍነዋል፣ መስመሩ ሦስት ብቻ። ሶሌታው 58 ተኩል ስለሆነ ከፊት ለፊት አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ይወጣል። እሷን ፈልጌያት ነበር፤ የሶሌታውን ግንባር የሚሸፍነው ቁራጭ ከሷ ሥር ይገባል።

ረቡዕ

ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩ። ደሴም ሴራሚክ አለ፣ እኔ የፈለግኩት ግን ትራፊ ነው። ትልልቅ ሥራ የሚያቀርቡ ሱቆች ሁለትና ሦስት ካርቶን ብቻ የቀረው ዓይነት ይኖራቸዋል። ለሙሉ ቤት ስለማይበቃ የሚፈልገው የለም፣ ቦታ ከመያዝ ብለው ዋጋውን ይቀንሱልሃል። ለማድ ቤት መደርደሪያ ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የ60 በ60 አንድ ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ አራት ፍሬ ነው፣ 1.44 ካሬ፣ የኛን መደርደሪያ ልክ የሚሸፍን። ሁለተኛው ካርቶን ለግንባሩና ለሚሰበረው።

ትራፊ ስትገዛ ካርቶኑ ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር ሳታይ እንዳትከፍል። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ሥዕል ሆኖ የቀለም ቁጥሩ ከተለያየ ቤት ስትደረድረው አንዱ ነጣ፣ አንዱ ቢጫ ያደርገዋል። ልክም እንደዚያው ነው፣ የሚሊሜትር ልዩነት ይኖረዋል። ባለሱቁ "ወላሂ አንድ ናቸው" ሲለኝ ሁለቱንም ካርቶን ብርሃን ላይ አውጥተን ጎን ለጎን አስተያየን። አንድ ነበሩ። ደብዘዝ ያለ ግራጫ፣ በጣም የማያብረቀርቅ። የሚያብረቀርቀው መደርደሪያ ላይ እያንዳንዱን የውሃ ጠብታ ያሳብቃል።

ለግድግዳው 30 በ60 ነጭ አንድ ካርቶን ጨመርኩ። አንዱ ካርቶን ፖርስሊን ወደ 30 ኪሎ ነው፣ ሚኒባሱ ላይ በጠፍጣፋው ሊያስተኙት ሲሉ በጠርዙ እንዲያቆሙት ለመንኩ። በጠርዙ የቆመ ሴራሚክ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይችላል፤ የተኛ ግን ላዩ ላይ ጆንያ ሲጫንበት መሃሉን ይሰበራል። ረዳቱ ሳቀብኝ፣ ግን አቆመልኝ።

ሐሙስ

የግድግዳው ቀን። ይሄ ሥራ ከተነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሴራሚኩ ነው። ገንዘብም ጉልበትም የሚበላው ግን ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው ነገር ነው።

ጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሴራሚክ መለጠፍ አይቻልም። ሲሚንቶ ዘይት ቀለም ላይ አይዝም፣ ኖራ ላይም አይዝም። ጭቃው ላይ ብታደርገው ደግሞ ለጊዜው ይይዛል። ከዚያ ጭቃው እርጥበት ባገኘ ቁጥር ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሚንቶው ግን ከሱ ጋር አይንቀሳቀስም። ትንሽ ቆይቶ ልስኑ ከነሴራሚኩ አንድ ላይ ይወርዳል። መፍትሔው ሲሚንቶው ጭቃውን ሳይሆን እንጨቱን እንዲይዝ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ቀለሙንና ኖራውን ፋቅን፣ ከምርጊቱም ሁለት ሳንቲም ያህል አነሳን። ከሥሩ ጭዱ እንዳለ ነው፣ ወርቅማ ሆኖ። አባቴና ጎረቤቶቹ በደቦ ያቦኩት ጭቃ ነው፣ እጃቸው ይባረክ፣ በመሮ እንኳ እንቢ የሚል ቦታ አለው። ማገሩ ብቅ ሲል ሁሉንም በሚስማር ጫፍ ወጋ ወጋ አደረግን። ምስጥ የበላው እንጨት ሚስማሩን እንደ ቅቤ ይቀበላል። አንድ ማገር ብቻ እንደዚያ ሆኖ ተገኘ፣ ከጎኑ አዲስ ደረብንበት።

ከዚያ የዶሮ ሽቦ። ሽቦውን ወጥረን በቋሚውና በማገሩ ላይ መታነው። ሚስማሩ እስከ ግማሽ ይገባና ጭንቅላቱ ሽቦው ላይ ይታጠፋል። ሽቦው ጭቃው ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር በየቦታው ትንሽ ጠጠር ከጀርባው ሸጎጥን። ሲሚንቶው ሽቦውን ከኋላም ከፊትም ካላቀፈው ሽቦ መምታቱ ለይስሙላ ነው።

ቅዳሜ

ልስን። ግንበኛው መጣ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉም አያርፍም። አሸዋውን ከእሱ በፊት ፈትሼው ነበር። በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ ጨምሬ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ነቅንቄ አሳደርኩት። ጠዋት አሸዋው ከታች፣ አፈሩ ከላይ ተለያይቶ ቁጭ ብሏል። የአፈሩ ንጣፍ ስስ ከሆነ አሸዋው ደህና ነው። የኛ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ስለዚህ በባኞ አጥበን ተጠቀምንበት። ስናጥበው ውሃ አልሰሰትኩም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አሸዋ ማጠብ ቀላል ውሳኔ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ።

አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ። መጀመሪያ ቀጠን ያለ ርጭት፣ ሽቦው ውስጥ እንዲገባ በግንበኛ ማንኪያ እየተወረወረ። እሱ ያዝ ሲያደርግ ዋናው ልስን። ላዩን አላለሰለስነውም። ሴራሚክ የሚለጠፍበት ልስን ሸካራ መሆን አለበት።

እማዬ ልጁ ቁርስ ሳይበላ ሥራ እንዳይጀምር አለች። ከጎረቤት እትዬ ቡና ይዘው መጡ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ርጭቱ በዚህ መሃል ያዝ አድርጎ ስለቆየ ለሥራው ጠቀመ እንጂ አልጎዳም።

ከዚህ በኋላ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው። ልጁ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ እንደሚለጥፍ ነገረኝ። ኮምቦልቻ ከኛ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን። የጥር ብርድ ሲሚንቶን ያዘገያል። እዚህ መቸኮል የለም።

ማክሰኞ፣ በሳምንቱ

ክርክር ተነሣ። ልጁ ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በሲሚንቶ ልለጥፍ ይላል። "እኔ እድሜ ልኬን በሲሚንቶ ነው የለጠፍኩት፣ እማማ ይመስክሩ።" እማዬ ምን ታውቅና ትመሰክራለች። ግን እውነቱን ነው፣ የድሮው የግድግዳ ሴራሚክ ጀርባው ሸክላ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሲሚንቶውን ይስባል። ፖርስሊን ሌላ ነገር ነው። የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ብትዘፈዝፈው የሚጠጣው ነገር የለም፣ ንጹሕ ሲሚንቶም የሚይዝበት ቀዳዳ አያገኝም።

ከመጨቃጨቅ ብለን ሞከርነው። አንድ የተሰበረ ፖርስሊን ለሁለት ከፍለን አንዱን በሲሚንቶ፣ አንዱን በሴራሚክ ማጣበቂያ ትርፍ ብሎኬት ላይ ለጥፈን ተውነው። ሲደርቅ ልጁ ራሱ መዶሻ አነሣ። የሲሚንቶው በጎኑ ሲነካ ጠብ ብሎ ለቀቀ፣ ጀርባው ንጹሕ፣ እንደገና ልትለጥፈው ትችላለህ። የማጣበቂያው ግን ተሰባበረ እንጂ አልለቀቀም፣ ቁርጥራጩ ብሎኬቱን ይዞ ቀረ። ልጁ ዝም ብሎ ሁለቱን ሲያገላብጥ ቆየና "በቃ፣ ማጣበቂያውን ግዛ" አለ።

ለሁለት ካሬ ተኩል ሥራ አንድ የ25 ኪሎ ከረጢት ይበቃል። በሲሚንቶ ቢሆን ልናተርፍ የምንችለው ብር የአንድ ካርቶን ሴራሚክ ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር።

ሐሙስ

መደርደሪያው። የለቀቀውን ሊሾ ቀደም ብለን አንስተን ደፍነን ነበር። የቀረውን ቀይ ሊሾ በሙቅ ውሃና በላርጎ ደጋግመን አጠብነው፣ ምክንያቱም የዓመታት ዘይትና ሰም አለበት። ከዚያ በመሮ ነቆርነው፣ ጥቅጥቅ ባለ ነጠብጣብ። ለስላሳ ሊሾ ላይ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ ቢሆን እምነት አይጣልበትም።

ዋናው ጭንቀት የሲንኩ ቀዳዳ ነው። ሴራሚኮቹን ሳንለጥፍ ደርድረን አየን፤ መገጣጠሚያው መስመር ሲንኩ መሃል ላይ እንዲውል አደረግን። እንደዚያ ሲሆን ቀዳዳው ለሁለት ሴራሚክ ይካፈላል። አንድ ሴራሚክ መሃሉን ከመብሳት ሁለት ሴራሚክ በጎን መቁረጥ ይቀላል። ውስጠኛው ማዕዘን ላይ መጀመሪያ በድሪል ክብ ቀዳዳ በሳን፣ ግራይንደሩ እዚያ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ማዕዘኑን ስል አድርገህ ከቆረጥከው ስንጥቁ ከዚያች ነጥብ ይነሳና ሴራሚኩን አቋርጦ ይሄዳል። ሲንኩ ፊት ለፊት የምትቀረው ቁራጭ ቀጭን ናት፣ አንዷ ዲስኩ ሲወጣ ተሰበረች። ሁለተኛው ካርቶን ሥራውን ሠራ።

መብራት በመሃል ጠፋ። ቀጥ ያለውን ቁርጥ በእጅ መቁረጫው ጨረስነው፤ ያ መሣሪያ መብራት አይፈልግም፣ ድምፅም የለው። ለክቡ ግን መብራቱን ጠበቅን።

ማጣበቂያው በጥርሳም መለጠፊያ ይሳባል፣ ሁሉም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ። ሴራሚኩ ጀርባም ስስ ተደርጎ ይቀባል። መደርደሪያ ላይ ድስት ይወርዳል፣ ሙቀጫ ይቀመጣል፤ ከሥሩ አየር ካለ በመጀመሪያው ከባድ ነገር ይሰበራል። ውሃ ልኩን ወደ ሲንኩ አቅጣጫ ስታደርገው አረፋዋ ትንሽ እንድትሸሽ ተውነው፣ ውሃው ወደ ሲንኩ እንዲያዘነብል። ከዚያ ግንባሩ፣ ከተራፊው የተቆረጠ ቁራጭ። በሚለጠፍ ፕላስተር ደግፈን ተውነው፣ አለበለዚያ በክብደቱ ይንሸራተታል።

ዓርብ

ጁምዓ ነው፣ ሥራ የለም። ማንም እንዳይነካው መደርደሪያው ላይ ትልቅ ጣውላ አጋደምኩበት፣ እማዬ ግን ጣውላው ላይ ስኒ ደርድራበታለች።

ቅዳሜ

ግድግዳው። ሙሉውን ሴራሚክ ማልበስ አላስፈለገም፣ ብሩም አልነበረም። ውሃ የሚረጨው ከመደርደሪያው በላይ አንድ ክንድ ባልሞላ ቦታ ነው። ስለዚህ በርዝመቱ ሁሉ 30 በ60ውን አስተኝተን አንድ ረድፍ፣ ከምድጃውና ከሲንኩ ጀርባ ብቻ ሁለት ረድፍ። ከዚያ በላይ ያለው ልስን በስቱኮ ተለስልሶ ዘይት ቀለም ይቀባል። ከላይኛው ጫፍ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ጠርዝ ገባ። ሳይጨረስ የቀረ እንዳይመስል ያደረገው እሱ ነው።

የግድግዳው ሴራሚክ የመደርደሪያው ሴራሚክ ላይ ይቆማል፣ ከሥሩ ሁለት ሚሊ ክፍተት ተትቶ። ያ ክፍተት በሲሚንቶ አይሞላም። መደርደሪያና ግድግዳ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ እዚያ የሚገባው ሲሊኮን ነው። ሲሚንቶ ካስገባህበት ይሰነጠቃል፣ ውሃው በዚያ ገብቶ ጭቃውን ያገኘዋል። ያ ሁሉ የሽቦ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ማክሰኞ

መገጣጠሚያ መሙላት። እማዬ ነጭ ነው የፈለገችው፣ "ነጭ ያምራል" ብላ። ቃል አልተናገርኩም፤ ትንሽ ነጭና ትንሽ ግራጫ መሙያ ቆርቆሮ ላይ አድርጌ፣ ሲደርቅ በላያቸው ኢርድና ዘይት ቀባሁበት። ጠዋት አጥባ አየችው። ነጩ ቢጫ ሆኗል። "ግራጫው ይሁን፣ ለግድግዳው ብቻ ነጭ" አለች። ፍትሐዊ ነው።

መሙያው ከገባ በኋላ ውሃው በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ በሰያፍ መጥረግ። በመስመሩ ርዝመት ከጠረግከው ስፖንጁ መሙያውን እየዛቀ ያወጣዋል። ሲሊኮኑን ሁሉም ከደረቀ በኋላ፣ በሳሙና በነከርኩት ጣት ሳብኩት። አዲስ ሲፎን ገባ። አሮጌው ሲንክ በአመድና በሎሚ ታሽቶ ተመለሰ፣ የሚያስለውጠው ነገር የለውም። ሎሚው ግን ሲሚንቶ ስለሚበላ አዲሱን መገጣጠሚያ እንዳይነካ ከቤት ውጭ ነው የታሸው።

ሐሙስ

ሒሳብ። ከ20,000ው ትንሽ ተርፏል፣ የተረፈችው ለመጋረጃ ጨርቅ ሆነች። ለመደርደሪያው ሥር በር ማሠራት ቀርቷል፤ መጋረጃ እማዬ ራሷ ትሰፋለች። ትልቁን ድርሻ የወሰደው የልጁ የእጅ ዋጋ ነው፣ ይገባዋል። ቀጥሎ ሴራሚኩ፣ ቀጥሎ ሽቦ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ማጣበቂያ አንድ ላይ። ሴራሚኩ ትራፊ ባይሆን ኖሮ የግድግዳው ሁለተኛ ረድፍ ይቀር ነበር።

የቀሩት ሥራዎች፦ የላይኛው ግድግዳ ሁለተኛ ቀለም፣ የምጣዱን ሶኬት ከሲንኩ ማራቅ። ሶኬቱን ኤሌክትሪሽያን ይሠራዋል፣ እኔ አልነካውም። የተረፉትን ሴራሚኮች የቀለም ቁጥሩ ከታተመበት የካርቶን ቁራጭ ጋር አስሬ አልጋ ሥር አስገብቻለሁ። እማዬ ደግሞ ከወዲሁ "የዚያኛው ክፍል ወለልስ?" ማለት ጀምራለች። ከዒድ በኋላ ብያታለሁ።